የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ለጠጅና ለቢራ፦ ከሱቁ እስከ ኬጉ

ጠጅና ቢራ ጋዝ እንዲኖረውና ከኬግ እንዲቀዳ ብሎ የመጀመሪያውን ሲሊንደር ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ «ይሄ ነገር ይፈነዳብኛል?» በልኩ የተሞላና የምርመራ ጊዜው ያላለፈበት ሲሊንደር ጥግ ላይ ቆሞ ብቻውን አይፈነዳም። ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በሁለት ሌላ መንገድ ነው። አንደኛው ጋዙ ቀስ ብሎ አፍስሶ የተዘጋ ክፍል ሲሞላ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ግፊት የማይችል ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ ደምበጃን ወይም ጀሪካን ላይ፣ ጋዝ ሲለቀቅ ነው።

መመሪያው የተጻፈው አሜሪካ ውስጥ በብዛት ለሚሸጠው 5 ፓውንድ (2.27 ኪሎ) ሲሊንደርና ለ19 ሊትር ቦል ሎክ ኬግ ነው። ኬግ ግፊት የሚችል የብረት የመጠጥ ዕቃ ነው፤ ቦል ሎክ የማገናኛው ዓይነት ነው። አውሮፓ ያላችሁ የሲሊንደሩ መጠንና የቫልቩ ጥርስ ይለይባችኋል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ይሄ ቡታጋዝ አይደለም

ሲሊንደር ሲባል ወጥ ቤት ያለው ቡታጋዝ ስለሚታወሰን እሳት እንፈራለን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይቀጣጠልም፤ እንዲያውም እሳት ማጥፊያ ውስጥ የሚሞላ ጋዝ ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ቡታጋዝ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ሽታ ይጨመርበታል፤ ይሄኛው ሽታም ቀለምም የለውም። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ፣ ምድር ቤት ውስጥና በጥልቅ ሳጥን ውስጥ ይተኛል።

ስሌቱን እንየው። አንድ ኪሎ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ጋዝ ሲለወጥ 540 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሙሉ 5 ፓውንድ ሲሊንደር ከ1,200 ሊትር በላይ ጋዝ ይዟል። ርዝመትና ስፋቱ 3 በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22,500 ሊትር አየር ይይዛል። ሲሊንደሩ በሙሉ እዚያ ውስጥ ቢፈስ የጋዙ መጠን ከ5 በመቶ ያልፋል። በተለመደው አየር ውስጥ ያለው 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሠራተኛ በ8 ሰዓት አማካይ የተፈቀደው ጣሪያ 0.5 በመቶ ሲሆን፣ 4 በመቶ ደግሞ ወዲያውኑ ለሕይወት አስጊ ተብሎ የተመደበ ነው። ስለዚህ ሲሊንደር መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥን ወይም መስኮት የሌለው ምድር ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 5 ፓውንድ የአሉሚኒየም ሲሊንደር። አሜሪካ ውስጥ ቫልቩ ሲጂኤ 320 ይባላል፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደብሊው 21.8 ነው።
- ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ተብሎ የተሠራ ሬጉሌተር፣ ማለትም የሲሊንደሩን ከፍተኛ ግፊት ለኬጉ በሚሆን ልክ የሚያወርድ መሣሪያ። ሁለት ጌጅ (የግፊት መለኪያ)፣ መዝጊያ ቫልቭ፣ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭና የግፊት ማስተንፈሻ ያለው ይሁን።
- ለሬጉሌተሩ መጋጠሚያ የናይለን ወይም የፋይበር ጓርኒሲዮን፣ ከነመለዋወጫው 5 ያህል።
- ለምግብና መጠጥ የተፈቀደ የጋዝ ቱቦ፣ የውስጥ ስፋቱ 5/16 ኢንች፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ያህል፤ ከ2 ፋሼታ ጋር።
- የጋዝ መግቢያ ማገናኛ። ብዙውን ጊዜ ግራጫ ሲሆን ጥቁሩ የመጠጥ መውጫ ነው።
- የማይዝግ ብረት ኬግ፣ ክዳኑ ላይ ማስተንፈሻ ያለው።
- የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ፣ የሚረጭ ጠርሙስ በሳሙና ውሃ፣ ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ የሲሊኮን ቅባት፣ የእጅ ሚዛን።
- ሲሊንደሩን ከግድግዳ ወይም ከጠንካራ መደርደሪያ ጋር የሚያስር ሰንሰለት ወይም ቀበቶ።
- የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማንቂያ። ቤታችሁ ኮርኒስ ላይ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ለዚህ አይጠቅምም፤ ክፍሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሞላም አይጮኽም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው «ማንቂያ አለኝ» ብሎ ይዘናጋል።

በዚህ ዝርዝር ላይ ገንዘብ የሚቆጠብበት ቦታ ቢኖር ኬጉ ነው፤ ያገለገለ ኬግ ጎማዎቹ ከተቀየሩለት ምንም አይለውም። ያገለገለ ሬጉሌተር ግን ባትገዙ እንመርጣለን።

አሠራር

1. ሲሊንደሩን ከመረከባችሁ በፊት አንገቱን አንብቡ። ትከሻው ላይ የመጨረሻው የግፊት ምርመራ ወርና ዓመት ተቀርጿል። አሜሪካ ውስጥ ምርመራው በየ5 ዓመቱ ነው፤ ያለፈበትን ሲሊንደር ሕጋዊ ሞይ አይሞላውም። ጥልቅ ጭረት፣ የተሰረጎደ ቦታ ወይም የእሳት ምልክት ካያችሁ አትቀበሉ፤ አሉሚኒየም እሳት ካገኘው በዓይን ሳይታወቅ ጥንካሬውን ያጣል። እዚያው ቲደብሊው (TW) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያለው ቁጥር የባዶው ክብደት ነው። ለምሳሌ 7.6 ካለ፣ ሙሉው 12.6 ፓውንድ መመዘን አለበት። ከዚያ ከከበደ ከልክ በላይ ተሞልቷልና መልሱት። በልኩ ሲሞላ ከፈሳሹ በላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ሙቀት ሲጨምር ፈሳሹ የሚሰፋው ወደዚያ ነው። ያ ቦታ ከሌለ ግፊቱ በትንሽ ሙቀት ይተኮሳል።

ስታስሞሉ ለመጠጥ የሚሆን ጋዝ ጠይቁ። «ውስጡ ቱቦ አለው ወይ?» ማለትንም አትርሱ። አንዳንድ ሲሊንደር እስከ ታች የሚወርድ ቱቦ ስላለው ቆሞም ቢሆን የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያዎችም እንደዚያው ናቸው፤ ስለዚህ ያገለገለ እሳት ማጥፊያ አስተካክሎ ለጠጅ ማዋል የማይሞከር ነው።

2. በመኪና ስትወስዱት አስራችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በቀጥታ ወደ ቤት ሂዱ። ሬጉሌተሩ የተፈታ፣ ቫልቩ የተዘጋ፣ ሲሊንደሩም እንዳይንከባለል የታሰረ ይሁን። መንገድ ላይ አቁሞ ገበያ መግባት የለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ዲግሪ ግፊቱን በፍጥነት ይጨምረዋል። በበጋ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ 50 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ቫልቩ ላይ ያለው የደኅንነት ሳህን ይቀደድና ጋዙ በሙሉ ይወጣል። ሳህኑ የተሠራው ሲሊንደሩ ራሱ እንዳይፈነዳ ነው፤ ግን መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ እየነዳችሁ ቢሆንስ?

3. አቁማችሁ እሰሩት። ተኝቶ ከሠራ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል፤ ውስጡ በቅጽበት ወደ ጋዝ እየተለወጠ ሲሰፋ የሬጉሌተሩን ስስ የውስጥ ሽፋን ይቀድዳል፣ ጌጁንም ያበላሻል። ማሰሩ ደግሞ ለቫልቩ ነው። ሲሊንደር ሲወድቅ ቀድሞ የሚመታው አንገቱ ነው፤ ቫልቩ ከተሰበረ ብረቱ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይሄዳል። ምድጃና ማሞቂያ አጠገብ አታድርጉት። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

4. ሬጉሌተሩን ግጠሙ። መጀመሪያ የግፊት ማስተካከያውን እጀታ በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ እስኪላላ ድረስ አዙሩት። ይህ ማለት ሬጉሌተሩ ዝግ ነው ማለት ነው፤ ቫልቩ ሲከፈት ግፊቱ ወደ ቱቦው አያልፍም። ከዚያ ጓርኒሲዮኑን በሬጉሌተሩ አፍና በቫልቩ አፍ መካከል አድርጉ። ዳዶውን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፤ ጥርሱ ከተጣመመ መልሳችሁ ፍቱ እንጂ በቁልፍ አታስገድዱት። በእጅ ከያዘ በኋላ በቁልፍ አጥብቁ።

ጥርሱ ላይ ቴፍሎን አትጠምጥሙ። የዚህ መጋጠሚያ ጥርስ የሚይዘው ግፊት የለም፤ ሥራው ሁለቱን ፊት ማቀራረብ ብቻ ነው፣ የሚያሽገው ጓርኒሲዮኑ ነው። ቴፍሎን ዳዶውን ያወፍረውና የጠበቀ ያስመስለዋል፤ ጋዙ ግን በሁለቱ ፊት መካከል ያፈሳል። አንዳንድ ሬጉሌተር አፉ ውስጥ የራሱ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) አለው፤ እንዲህ ያለው ላይ ጓርኒሲዮን ከደረባችሁ እሱም ያፈሳል። ጓርኒሲዮን አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይገጥምምና ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር ቀይሩት፤ ዋጋው የሳንቲም ነው።

5. ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ፊታችሁን ከጌጆቹ አዙሩ፣ ወደ ጎን ቁሙ። መጀመሪያ በጣም በትንሹ፤ የከፍተኛ ግፊት ጌጁ ከወጣና ከቆመ በኋላ ሳታስገድዱ እስከ መጨረሻው። በአንዴ ቢከፈት ከ800 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ አሃድ) በላይ የሆነ ግፊት ሬጉሌተሩን በድንገት ይመታዋል።

በ21 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ጌጁ ወደ 840 ፒኤስአይ ያሳያል፤ 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ወደ 550 ይወርዳል። ይህ ቁጥር የሚናገረው ሙቀቱን እንጂ ምን ያህል ጋዝ እንደቀረ አይደለም። ውስጥ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ጌጁ አይንቀሳቀስም፤ መውረድ ሲጀምር አልቋል ማለት ይቻላል። የቀረውን ማወቅ የፈለገ ይመዝን፤ አሁን ካለው ክብደት ላይ የሬጉሌተሩንና የባዶውን ክብደት ሲቀንስ ጋዙን ያገኛል።

6. ሳሙና ርጩ። የመዝጊያ ቫልቩን ዘግታችሁ እጀታውን ወደ 20 ፒኤስአይ አምጡ። በዳዶው ዙሪያ፣ በጌጆቹ ሥር፣ በቫልቩ ዘንግ ላይ ርጩ። ቱቦውንና ኬጉን ካገናኛችሁ በኋላም ድገሙት፦ ፋሼታዎቹ፣ የኬጉ አፎች፣ የክዳኑ ዙሪያ፣ ማስተንፈሻው። ትልቁ ፍሳሽ ወዲያው ያረፋል። ተንኮለኛው ትንሹ ነው፤ ጥቃቅን ነጭ አረፋ እንደ ሰናፍጭ ዘር ቀስ እያለ ስለሚሰበሰብ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ በባትሪ እዩት።

ከዚያ የሌሊት ፈተና አለ። መዝጊያው ዝግ ሆኖ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉና የሁለቱን ጌጅ ቁጥር ጽፉ። ጠዋት ከወረደ ፍሳሹ ሬጉሌተሩ ላይ ወይም ዳዶው ላይ ነው። ፈተናውን ገና ጋዝ ያልጠጣ መጠጥ ካለበት ኬግ ጋር አገናኝታችሁ ካደረጋችሁት ግን ያታልላችኋል፤ መጠጡ ጋዙን እየዋጠ ስለሆነ ፍሳሽ ባይኖርም ቁጥሩ ይወርዳል።

7. መጠጡን ወደ ኬግ ከማዛወራችሁ በፊት መፍላቱን መጨረሱን አረጋግጡ። ቢራውን በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) በ3 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ ጨርሷል። ጠጅ ላይ ነገሩ ይጠነክራል፤ ጣፋጭ ሆኖ ኬግ የገባ ጠጅ ማሩ አላለቀምና ሙቀት ካገኘ መፍላቱን ይቀጥላል። የራሱ ጋዝ እናንተ ከሰጣችሁት ግፊት ላይ ይደመራል። እንዲህ ያለውን ጠጅ ከፍሪጅ አታውጡ፣ በየቀኑም ማስተንፈሻውን ነካ እያደረጋችሁ ግፊቱን አስወጡ።

ጌሾውን በደንብ አጥልሉ፤ አንዴ በወንፊት፣ አንዴ በጥሩ ነጠላ ጨርቅ። የጌሾ ቅጠል ስባሪ የኬጉን መውጫ ቱቦ ይዘጋል፤ መዘጋቱ ምን እንደሚያስከትል ከታች አለ።

8. ኬጉን አሽጉ። ከላይ 2 ሊትር ያህል ባዶ ተዉ። የክዳኑን ኦሪንግ በሲሊኮን ቅባት አብሱ፣ ዝጉ፣ ጋዙን መግቢያው ላይ (ኢን የሚለው) ሰክታችሁ ለአፍታ 30 ፒኤስአይ ስጡት። ይህ ክዳኑን ወደ ላይ ገፍቶ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ማስተንፈሻውን 3 ወይም 4 ጊዜ ከፈት ዘጋ አድርጉ፤ ከላይ የቀረው አየር ይወጣል፣ መጠጡም በኦክስጅን አይበላሽም። ይህን ስታደርጉ መስኮት ይከፈት።

9. ግፊቱን አውርዳችሁ ተዉት። እጀታውን በሰዓት ተቃራኒ አላሉ፣ የኬጉን ግፊት በማስተንፈሻው አስወጡ፣ ከዚያ ወደሚፈለገው ቁጥር ከታች ወደ ላይ አምጡ። ከላይ ወደ ታች ብቻ ካዞራችሁት ወደ ኋላ የማይመልሰው ቫልቭ የድሮውን ግፊት ኬጉ ውስጥ ይይዘዋል፤ ጌጁ አንድ ይላል፣ ኬጉ ሌላ።

4 ዲግሪ ላይ 12 ፒኤስአይ ለብዙ ቢራ ይበቃል፤ በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ 2.5 ሊትር ያህል ጋዝ ይሟሟል። ለጠጅ ከ5 እስከ 8 ይበቃዋል ባዮች ነን፤ ከዚያ በላይ ምላስ ይነክሳል፣ የማሩንም ሽታ ይሸፍናል። ከ7 እስከ 10 ቀን ታገሡ። ኬጉን በ30 እና በ40 ፒኤስአይ እየነቀነቁ በአንድ ሰዓት መጨረስ ይቻላል፤ ግን አብዛኛው ሰው አሳልፎ አረፋ ብቻ ይቀዳል፣ ሲነቀነቅም መጠጥ ወደ ሬጉሌተሩ ይመለሳል።

በዚህ አሠራር አንድ ኬግ ለመሙላትና ቀድቶ ለመጨረስ 160 ግራም ገደማ ጋዝ ይፈልጋል። አየር ለማስወጣት የሚባክነው ሲታከልበት ከአንድ ሲሊንደር 10 ኬግ ያህል ጠብቁ። በ3 ኬግ ካለቀ አንድ ቦታ እያፈሰ ነው።

10. ስትጨርሱ ከሲሊንደሩ ጀምራችሁ ዝጉ። የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ጋዝ አስወጡ፣ ሁለቱ ጌጆች ዜሮ ሲሆኑ እጀታውን አላሉ፣ በመጨረሻ ዳዶውን ፍቱ። ጌጁ ዜሮ ሳይሆን ዳዶውን መፍታት ጓርኒሲዮኑን ከነቀዝቃዛ ጋዙ ፊት ላይ ይተኩሰዋል። ከሲሊንደር በኃይል የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ በረዶነት ይለወጣል፤ በረዶው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሆነ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል። የነካችሁን ቦታ በለብታ ውሃ አርጥቡ፣ አትሹት።

ሲያፈስ

ራስ ምታት፣ ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ማዞር፣ አፍንጫን የሚቆነጥጥ ስሜት፦ አንዱም ከተሰማችሁ ወዲያው ውጡ። በሩን ክፍት ትታችሁ፣ ልጆችና የቤት እንስሳት ይዛችሁ። «ቫልቩን ዘግቼ ልምጣ» አይባልም። ሰው ወድቆ ብታዩም ተከትላችሁ አትግቡ፤ ሁለተኛው የሚወድቀው አዳኙ ነው። የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውሉ (አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112) እና «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» ብላችሁ ንገሯቸው፤ መተንፈሻ ይዘው እንዲገቡ።

ከላይ የሚከፈት ጥልቅ ፍሪጅ የምትጠቀሙ ለብቻው ተጠንቀቁ። ሲሊንደሩ ውስጡ ሆኖ ሌሊቱን ካፈሰ ሳጥኑ በጋዝ ይሞላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ጋዙ እዚያው ይተኛል እንጂ አይወጣም። ኬግ ለማንሳት ወገባችሁን አጥፋችሁ ጭንቅላታችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ክፍቱን ትታችሁ በማራገቢያ አናፍሱት። ሲሊንደሩን ውጭ አቁሞ ቱቦውን ብቻ በቀዳዳ ማስገባት ይሻላል።

እግረ መንገድ፣ ጠጁ ራሱም ጋዝ ያወጣል። 4 ኪሎ ማር ሙሉ በሙሉ ሲፈላ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በሳምንታት ስለሚከፋፈል ሳሎን ውስጥ አያሰጋም፤ ጠባብ ጓዳ ውስጥ 3 እና 4 ደምበጃን ደርድሮ በር ዘግቶ መተኛት ግን ሌላ ነው።

ዘወትር የሚሠሩ ስህተቶች

*ደምበጃን፣ ጀሪካን ወይም የፕላስቲክ በርሜል ላይ ጋዝ መስጠት።* በዚህ ላይ ድርድር የለም። ደምበጃን የተሠራው ፈሳሽ እንዲይዝ እንጂ ግፊት እንዲይዝ አይደለም፤ ሬጉሌተራችሁ በትክክል የማያነበው ጥቂት ፒኤስአይ እንኳ ሊሰብረው ይችላል፣ ስባሪውም ዓይንና አንገት ይመታል። መጠጥን በጋዝ ገፍቶ ማዛወር ከፈለጋችሁ ከኬግ ወደ ኬግ ብቻ።

*የሌላ ጋዝ ሬጉሌተር በመቀየሪያ አስማምቶ መግጠም።* የየጋዙ ጥርስ የተለያየው እንዳይገጥም ተብሎ ነው። የአየር መጭመቂያ ሬጉሌተርም የሲሊንደርን ግፊት አይችልም።

*ሬጉሌተሩ በረዶ ሲይዝ በእሳት ወይም በሙቅ ውሃ ማሞቅ።* በረዶ የሚይዘው ጋዙ በአንዴ ብዙ ስለወጣ ነው። ዘግታችሁ 15 ደቂቃ ተዉት።

*የማስተንፈሻውን ጩኸት ዝም ለማሰኘት መድፈን።* ሬጉሌተሩ ራሱ እያስተነፈሰ ከሆነ ውስጡ ያለው መቀመጫ ተበላሽቶ ግፊቱ ሳታዞሩት እየወጣ ነው። ሲሊንደሩን ዝጉና ሬጉሌተሩን ቀይሩ።

*የተዘጋ መውጫን በግፊት ለመክፈት መሞከር።* ጠጁ መንጠባጠብ ጀምሮ ቆሟል፣ ሬጉሌተሩ 10 ይላል። ብዙ ሰው ወደ 40፣ ወደ 60 ያወጣዋል። አልወጣ ሲል ቁልፍ አንስቶ የመውጫውን አፍ ይፈታል፤ ያን ጊዜ ብረቱና ጠጁ አብረው ወደ ፊቱ ይመጣሉ። የሚደረገው የተገላቢጦሽ ነው፦ ጋዙን ንቀሉ፣ ማስተንፈሻውን ጎትታችሁ ፉጨቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ያዙት፣ ክዳኑን ወደ ታች ተጫኑት። በነፃ ወደ ውስጥ ከገባ ግፊት የለም፤ ከታገለ ገና አለ። ከዚያ በኋላ ብቻ አፉን ፍቱ፣ ቱቦውን አውጥታችሁ የጌሾውን ስባሪ በሙቅ ውሃ እጠቡት።